ከሰንጋ ተራ እስከ ዴይራ፦ ትንሽ ዶላር ለያዘ መንገደኛ የሚሆን ካርድ

ከብሔራዊ ቴአትር ተነስቶ በሰንጋ ተራ በኩል ወደ ሜክሲኮ የሚያዘግም ሰው የብዙ ባንኮችን ዋና መሥሪያ ቤት በር እያለፈ ነው የሚሄደው። ብሔራዊ ባንክም እዚያው አጠገብ ነው። ውጭ አገር ለሚሄድ መንገደኛ ይህ ሰፈር ትልቅ ዕድል ነው፤ በአንድ ማለዳ፣ ያለ ታክሲ፣ ሦስት አራት ባንክ ገብቶ የካርድ ታሪፍ ማነጻጸር ይቻላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ጥቂት ነው። ደመወዙ ከሚገባበት ቅርንጫፍ ገብቶ፣ የሰጡትን ካርድ ተቀብሎ፣ ስንት እንደሚቆርጥ ሳይጠይቅ ቦሌ የሚደርሰው ይበዛል። ሁለት ሺህና ሦስት ሺህ ዶላር ለያዘ ሰው ጉዳቱ ላይሰማው ይችል ይሆናል። ስድስት መቶ ዶላር ይዞ ለሚሄድ ግን ሃምሳ ዶላር የሁለት ቀን ምግብና መኝታ ነው።

በመጀመሪያ አንድ የስም ግራ መጋባት እናጥራ። እኛ ዘንድ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የሚል ምልክት ያለበትን ሁሉ «ክሬዲት ካርድ» ማለት ተለምዷል። በእጃችን የሚገባው ግን በአብዛኛው ክሬዲት አይደለም። ክሬዲት ካርድ ባንኩ የሚያበድራችሁ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ትከፍላላችሁ። ዴቢት ካርድ ከራሳችሁ ሒሳብ ይቆርጣል። ፕሪፔይድ ደግሞ አስቀድማችሁ የሞላችሁት ብቻ ነው ያለው። አብዛኛው የአዲስ አበባ መንገደኛ የሚይዘው ይህን የመጨረሻውን፣ ዶላር የተሞላበትን ፕሪፔይድ ካርድ ነው። ብድር ስለሌለበት የገቢ ማስረጃም የብድር ታሪክም አይጠየቅበትም፤ አቅሙ ውስን ለሆነ ሰው ጥሩ ነው። ነገር ግን የውጭ አገር ሆቴል ወይም መኪና አከራይ ካርዱን ማሽን ውስጥ ሲያስገባ ፕሪፔይድ መሆኑን ማወቅ ይችላል፤ ብዙ መኪና አከራዮችም አይቀበሉትም። ይህን ቀድሞ ማወቅ በአውሮፕላን ማረፊያ ባንኮኒ ፊት ከመከራከር ያድናል።

የአገር ውስጥ ካርዳችሁን በተመለከተም እንዲሁ። በማንኛውም ባንክ ኤቲኤም ብር የሚያወጣላችሁ በኢትስዊች በኩል ባንኮቹ ስለተሳሰሩ ነው። ይህ ትስስር ድንበር ላይ ያበቃል። ዓለም አቀፍ ምልክት የሌለበት ካርድ ዱባይ ላይ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው፤ ምልክቱ ያለበትም ቢሆን ለውጭ አገር ካልተከፈተ አይሠራም።

አሁን ወደ ወጪው። «ካርዱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ትክክለኛውን መልስ አያመጣም፤ የሚነገራችሁ የማውጫውን ዋጋ ብቻ ነውና። ካርዱ ገንዘብ የሚወስደው በስድስት ቦታ ነው፦ ሲወጣ፣ ዶላር ሲሞላበት፣ በዶላር ያልሆነ ግብይት ሲመነዘር፣ ከኤቲኤም ገንዘብ ሲወጣ፣ ሳይሠራበት ሲቀመጥ፣ እና የተረፈው ሲመለስ። እነዚህን ስድስቱን በወረቀት ጽፋችሁ ለእያንዳንዱ ባንክ ሠራተኛ አቅርቡለት። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ሁሉንም ላያውቅ ይችላል፤ የካርድ ክፍሉን ወይም የታተመ ታሪፉን ጠይቁ። ዶላሩን ስትገዙም የዕለቱን መሸጫና ኮሚሽኑን ለየብቻ አስነግሩ። ሁለት ባንኮች አንድ ዓይነት ምንዛሪ ለጥፈው ኮሚሽናቸው ሊለያይ ይችላል፤ እናንተን የሚመለከታችሁ ለአንድ ዶላር በጠቅላላው ከኪሳችሁ የሚወጣው ብር ነው።

ቁጥሩን አስቀምጠን እንየው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ካርድ እናስብ። የመጀመሪያው ለማውጣት 5 ዶላር፣ ሲሞላ 2 በመቶ፣ በሌላ ገንዘብ ሲገበያዩበት 3 በመቶ፣ ከኤቲኤም ባወጡ ቁጥር 4 ዶላር ይወስዳል። ሁለተኛው ለማውጣት 20 ዶላር ነው፣ ሲሞላ ምንም አይወስድም፣ ምንዛሪው ላይ 1.5 በመቶ፣ ኤቲኤም ላይ 3 ዶላር ነው። አንድ ሺህ ዶላር ሞልቶ 900ውን በድርሃም የሚያወጣ፣ ሦስት ጊዜም ኤቲኤም የሚሄድ ሰው በመጀመሪያው ካርድ 5 ሲደመር 20 ሲደመር 27 ሲደመር 12፣ በድምሩ 64 ዶላር ይከፍላል። በሁለተኛው 20 ሲደመር 13.50 ሲደመር 9፣ በድምሩ 42.50። ሲገዙት አራት እጥፍ የተወደደው ካርድ 21.50 ዶላር አተረፈ። ሁለት መቶ ዶላር ብቻ ሞልቶ ሁሉንም በግዢ ለሚጨርስ ግን ይገለበጣል፦ የመጀመሪያው 15፣ ሁለተኛው 23 ዶላር ይሆናል። በእነዚህ ታሪፎች ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 430 ዶላር አካባቢ ነው። ስለዚህ «የትኛው ካርድ ይረክሳል?» ለሚለው ስንት እንደምትይዙና እንዴት እንደምታወጡት ሳይታወቅ መልስ የለውም። የራሳችሁን ጉዞ ቁጥር አስገብታችሁ ሒሳቡን አንዴ መሥራት ከአሥር ሰው ምክር ይበልጣል።

ካርዱ ላይ የሚቀመጠው ዶላር ነው ወይስ ብር የሚለውም ትልቅ ልዩነት አለው። ዶላር የተሞላ ካርድ ምንዛሪው በሞላችሁበት ቀን ይወሰናል። ከብር ሒሳብ ጋር የተያያዘ ካርድ ግን የሚቆርጠው ግብይቱ ለባንካችሁ ሲደርስ ባለው ምንዛሪ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከግዢው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። እንዲህ ያለው ዝላይ በየወሩ አይመጣም፤ ቢሆንም በውስን ገንዘብ የሚጓዝ ሰው ምን ያህል እንደቀረው እርግጠኛ መሆን ያስፈልገዋልና ዶላር የተሞላውን እመርጣለሁ።

ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው መመሪያ ጋር የመጣ ሌላ በርም አለ፤ ከውጭ የሚላክለት ወይም በውጭ ምንዛሪ ደመወዝ የሚከፈለው ነዋሪ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ይችላል። ወንድም ወይም እህት በየወሩ የሚልክላችሁ ከሆነ ወደ ብር አስቀይራችሁ ኋላ በመሸጫ ዋጋ ከመግዛት፣ በዚያ ሒሳብ አጠራቅሞ ካርዱን ከዚያ መሙላት የሁለቱን ዋጋ ልዩነትና የግዢውን ኮሚሽን ያስቀራል።

ባንኩ ስንት በመቶ ጨምሮ እንደሚመነዝር ካልነገራችሁ ራሳችሁ ማወቅ የምትችሉበት መንገድ አለ። የእኛ አገር ሰው ከሚበዛባቸው መዳረሻዎች የብዙዎቹ ገንዘብ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው። የኤምሬትስ ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ 3.6725 ለአንድ ዶላር ነው። የሳዑዲ ሪያል 3.75፣ የኳታር ሪያል 3.64፣ የጅቡቲ ፍራንክ 177.721 ነው። ዋጋቸው ስለማይነቃነቅ ልዩነቱ ካለ የካርዳችሁ ጭማሪ ነው ማለት ነው። ዱባይ፣ ዴይራ ገበያ 500 ድርሃም ከፍላችሁ ከሆነ በ3.6725 ሲካፈል ትክክለኛው 136.15 ዶላር ነው። የደረሳችሁ መልእክት 140.23 ካለ፣ 3 በመቶ ተጨምሯል። የመጀመሪያውን ቀን የመጀመሪያ ግዢ በትንሹ አድርጋችሁ ይህን አካፍሉ፤ የቀረውን ጉዞ በካርድ ወይስ በጥሬ ገንዘብ እንደምትጨርሱ ያን ጊዜ ትወስናላችሁ። የታይላንድ ባትንና የቱርክ ሊራን ለመሰሉ ተለዋዋጭ ገንዘቦች ቪዛም ማስተርካርድም የዕለቱን ምንዛሪ የሚያሰላ ገጽ በድረ ገጻቸው አላቸው፤ ቀኑንና መጠኑን አስገብታችሁ ማመሳከር ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሸወድበት ግን የሱቁ ፖስ ማሽን ወይም ኤቲኤሙ «በድርሃም ነው በዶላር?» ብሎ የሚጠይቅበት ቅጽበት ነው። ካርዴ የዶላር ስለሆነ በዶላር ይሻላል ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስላል። አይሻልም። በዶላር ስትሉ የሚመነዝርላችሁ የሱቁ ባንክ ነው፤ ዋጋውን ራሱ ያወጣል፣ ትርፉንም ከሱቁ ጋር ይካፈላል። 734.50 ድርሃም ልክ 200 ዶላር ነው። ማሽኑ 210 ዶላር ብሎ ካሳያችሁ 5 በመቶ ጨምሯል። የራሳችሁ ካርድ 2.5 በመቶ የሚጨምር ቢሆን በድርሃም ብትከፍሉ 205 ነበር። በዚያ ላይ አንዳንድ ካርድ ግብይቱ በዶላር ቢሆን እንኳ ከአገር ውጭ ስለተፈጸመ ብቻ ሌላ ክፍያ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የምትከፍሉት። ስለዚህ የአገሩን ገንዘብ ምረጡ። ሻጩ ሳይጠይቃችሁ ዶላሩን ተጭኖ ከሆነ ማሽኑ ወይም ደረሰኙ ላይ ሁለቱም መጠን ይታያል፤ ከመፈረማችሁ ወይም ፒን ከማስገባታችሁ በፊት እንዲሰርዘውና በድርሃም እንዲደግመው መጠየቅ መብታችሁ ነው። ኤቲኤም ላይ ጥያቄው ጠመም ብሎ ይመጣል፤ «ምንዛሪውን እቀበላለሁ» እና «አልቀበልም» ይላል። «አልቀበልም» የሚለውን ስትጫኑ ገንዘቡ የሚከለከል ይመስላል፤ ግን ይወጣል፣ በራሳችሁ ካርድ ምንዛሪ።

የኤቲኤሙ ባለቤት ባንክም ከናንተ ባንክ ለብቻው የራሱን ይወስዳል። ለሕክምና ባንኮክ የሚሄድ ሰው ይህን ሊይዘው ይገባል፦ የታይላንድ ኤቲኤሞች የውጭ ካርድን በአንድ ጊዜ 220 ባት ወይም ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። ሁለት ሺህ ባት ለሚያወጣ ሰው ይህ 11 በመቶ ነው፤ ሃያ ሺህ ለሚያወጣ 1.1 በመቶ። ትንሽ ትንሽ እያወጡ መኖር ጥንቃቄ ይመስላል፣ ወጪው ግን እጥፍ ድርብ ነው። አንዴ በርከት አድርጎ አውጥቶ በሁለት ቦታ ከፍሎ መያዝ ይሻላል። ሕክምና ላይ ሌላም አለ፤ ሆስፒታሉ መያዣ ሲጠይቅ ካርዱ ላይ ገንዘቡ እያለ የቀን ገደቡ ስለማይፈቅድ ይመለሳል። የአንድ ጊዜና የቀን ገደቡን፣ ለግዢና ለኤቲኤም ለየብቻ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቃችሁ አስጨምሩ።

ዕቃ ለማምጣት ቻይና፣ ጓንዡ የሚሄድ ነጋዴ ደግሞ ካርዱን ማሽን ላይ የሚያስነካበት ቦታ እምብዛም አያገኝም። ሁሉም በስልክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የውጭ ቪዛና ማስተርካርድን አሊፔይና ዊቻት ፔይ በተባሉት የስልክ መክፈያ መተግበሪያዎች ላይ ማያያዝ ይቻላል። በአሊፔይ እስከ 200 ዩዋን ለሆነ ክፍያ ጭማሪ የለም፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በሙሉው ላይ 3 በመቶ ይጨመራል፤ የ1,000 ዩዋን ዕቃ 1,030 ይሆናል፣ የካርዳችሁ የራሱ ጭማሪ ሳይቆጠር። ምግብና ታክሲ በዚህ መክፈል ያዋጣል፣ የዕቃ ግዢ ግን አያዋጣም። ደግሞ የውጭ ካርድ የተያያዘበት ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ ለግለሰብ ገንዘብ ማስተላለፍ አይችልም፤ የንግድ ሳይሆን የግል የመክፈያ ኮድ የለጠፈ ባለሱቅ ጋ ክፍያው እምቢ ሊል ይችላል። ምዝገባውን አዲስ አበባ ሆናችሁ ጨርሱ፤ ማረጋገጫ ቁጥር በስልክ ስለሚላክ እዚያ ከደረሱ በኋላ ያስቸግራል።

የመያዣው ነገር ይኸውላችሁ፤ በውስን ገንዘብ ለሚጓዝ ሰው ከክፍያው ሁሉ የሚከብደው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆቴል ስትገቡ እንግዳ መቀበያው ካርዳችሁን ተቀብሎ፣ እንበል፣ 500 ድርሃም «ይይዛል»። አልቆረጠም፤ አስቀምጦታል። ክሬዲት ካርድ ላለው ሰው የተያዘው የባንኩ ገንዘብ ነው። ፕሪፔይድ ለያዘ ሰው ግን የራሱ 136 ዶላር ነው፣ በጉዞው መሃል የማይነካ። ስድስት መቶ ዶላር ሞልቶ 250ውን ለመኝታው በኢንተርኔት የከፈለ ሰው፣ ከመያዣው በኋላ የሚቀረው 214 ዶላር ብቻ ነው። ስትወጡ ሆቴሉ ቢለቀውም ገንዘቡ ወዲያው አይመለስም፤ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ወር ይቆያል።

መፍትሔው ከዝግጅት ይጀምራል። ቦታ ስትይዙ መያዣው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ብዙ ሆቴል በጥሬ ገንዘብ ይቀበላል፣ ስትወጡም በእጃችሁ ይመልሳል። ዱባይ ላይ ከመኝታው ዋጋ ውጭ በየሌሊቱ ለአንድ ክፍል ከ7 እስከ 20 ድርሃም የቱሪዝም ክፍያ አለ፤ እሱንም በጥሬ መክፈል ይቻላል። በካርድ መያዝ ግድ ከሆነ ስትወጡ ሒሳቡን ቀድሞ በተያዘው ላይ እንዲዘጋው ንገሩት። አዲስ ግብይት ከከፈተ የተያዘውም የተቆረጠውም አንድ ላይ ይቆማሉ፣ ሰውም «ሁለቴ ተቆረጠብኝ» ብሎ ይደነግጣል። የመያዣውን ወረቀት አትጣሉ፤ ላዩ ላይ ስድስት አኃዝ ወይም ፊደል ያለው የፈቃድ ቁጥር አለ። ሆቴሉ ያንን ቁጥር ጠቅሶ መልቀቁን በደብዳቤ ካረጋገጠ ባንካችሁ ቀኑ እስኪሞላ ሳይጠብቅ ሊፈታው ይችላል።

ስም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኃይሌ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል፤ ባንኩ ሒሳብ ሲከፍት አንዱን፣ ፓስፖርቱ ሌላውን ይዞ ይገኛል። ካርዱ ላይ የሚታተመው በፓስፖርቱ አጻጻፍ እንዲሆን ማመልከቻው ላይ ራሳችሁ ጻፉት። ስም የሌለበት፣ ወዲያው የሚሰጥ ካርድ ለገበያ ይሠራል፣ ሆቴልና የአየር ትኬት ላይ ግን ጥያቄ ያስነሳል። ዘመድ ካርዱን ቢያውሳችሁም ችግሩ ይኸው ነው፤ አየር መንገድ ትኬቱ የተገዛበትን ካርድ ከነባለቤቱ ሊያይ ሊጠይቅ ይችላል።

ጊዜውም ቀላል አይደለም። ካርድ ለማውጣት ፓስፖርት፣ የመግቢያ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬትና ፋይዳ መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ፤ የዶላር ገደቡ እንደ ጉዞው ዓይነት ስለሚለያይና መመሪያውም ስለሚሻሻል በዚያ ሰሞን የሚሠራውን ጠይቁ። ካርዱ በስማችሁ እስኪታተም ቀናት ይወስዳል፣ ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ። በእጃችሁ እንደገባ ቤት አታስቀምጡት፦ በባንኩ ኤቲኤም ፒኑን ቀይሩ፣ ቀሪውን አሳዩት፣ ለኢንተርኔት ግብይት መከፈቱን አረጋግጡ። ፒን ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ይቆለፋል፣ ብዙ ጊዜም የሚከፈተው እዚሁ ቅርንጫፍ ነው። በኢንተርኔት ስትገዙ የማረጋገጫ ቁጥሩ በኢትዮጵያ ስልካችሁ ስለሚላክ ሮሚንግ አስከፍታችሁ ሂዱ፤ ወይም ባንኩ በኢሜይል ወይም በመተግበሪያው የሚልክ ከሆነ ያንን አስመዝግቡ። የባንኩን አጭር የስልክ ቁጥርም አትመኑ፤ ሦስትና አራት አኃዝ ያለው ቁጥር ከውጭ አይደወልም። በ+251 የሚጀምረውን ሙሉ ቁጥር፣ ሌሊትም የሚነሳውን፣ ከካርዱ ውጭ በወረቀት ያዙ።

አቅም ካለ ከሁለት የተለያዩ ባንኮች አንድ ቪዛና አንድ ማስተርካርድ መያዝ፣ ካልሆነም አንድ ካርድና ጥሬ ዶላር ከፋፍሎ መያዝ ጥሩ ነው። ትልቁን ክፍል በካርድ፣ የአራት ቀን ምግብና ታክሲ የሚሆነውን በጥሬ። ፕሪፔይድ ካርድ እያንዳንዱን ክፍያ ከባንኩ ጋር ተገናኝቶ ማስፈቀድ ስላለበት ግንኙነት በሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ አውሮፕላን ውስጥ በሚሸጥ ዕቃ፣ እምቢ ሊል ይችላል። ያ ጊዜ ገንዘብ የለም ማለት አይደለም፤ ደጋግሞ መሞከር ግን ካርዱን በጥርጣሬ ሊያስቆልፈው ይችላል።

ስትመለሱ ቀሪውን ለመመለስ አትቸኩሉ። ዶላሩ ወደ ብር የሚቀየረው በመግዣ ዋጋ ነው፣ ለመመለሻም ክፍያ ሊኖር ይችላል፤ ሃያ ዶላር ከሆነ የሚበላው ከሚተርፈው ሊበልጥ ይችላል። ካርዱ ሳይሠራበት ሲቀመጥ ወርኃዊ ክፍያ የማይቆርጥና የማብቂያ ቀኑም ገና ከሆነ ለሚቀጥለው ጉዞ ይቆይ። ይልቅ ከተመለሳችሁ በወሩ ገደማ ዝርዝር መግለጫውን አስወጥታችሁ ከደረሰኞቻችሁ ጋር አስተያዩ፦ የሆቴሉ መያዣ ተለቋል? የተሰረዘው ግብይት ተመልሷል? ድርሃሙ በ3.6725 ሲካፈል ስንት በመቶ ተጨመረበት? የማይገጥም ካለ ደረሰኙን ኮፒ አድርጋችሁ ለካርድ ክፍሉ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ለቅሬታ የተወሰነ ቀን አለው፣ ቆይቶ የመጣን ባንኩ ቢፈልግም ማስመለስ አይችልም።